ሁለት ወር ሙሉ አረንጓዴ

ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ደብተር እናቴ የገዛችልኝ ለባዮሎጂ ነበር። ባዮሎጂ ይቅር በለኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ የበቀል ደብተር ሆኗል።

ተበዳይ፦ እናቴ ገበያነሽ፣ እዚሁ ዲላ የሞያሌ አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙበት ሆቴል ወጥ ሠሪ። ተከሳሽ፦ የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ወንድይፍራው። ዳኛ፦ እኔ ናፍቆት፣ አሥራ አንደኛ ሐ። ይግባኝ የለም።

ስሙ ራሱ ይገርመኛል። "ወንድ ይፍራው" ብለው ነው ያወጡለት። ቡና ነጋዴዎቹ ሆዱን እየነካኩ ይቀልዱበታል፣ ሹፌሮቹ "ወንዴ" እያሉ ያዙታል። እስካሁን ሲፈራው ያየሁት ፍጡር ሁሉ ቀሚስ ለባሽ ነው።

ወንጀሉ እንዲህ ነው። ሐዋሳ ሄዶ "የሠራተኞች የአእምሮ ጤና" የሚባል ሥልጠና ለሁለት ቀን ወስዶ መጣ። በሁለት ቀን! እኔ ሎጋሪዝም በሁለት ዓመት አልገባኝም። ሲመለስ አንድ ከረጢት ሪባን ይዟል። ከአሁን በኋላ ሠራተኛ ሁሉ ጠዋት ሲገባ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ከተደረደሩት ሦስት ጣሳዎች አንዱን ቀለም አንስቶ ደረቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይሰካል። አረንጓዴ "ደህና ነኝ"፣ ቢጫ "እንዲሁ ነኝ"፣ ቀይ "ጨንቆኛል"። እንደ ትራፊክ መብራት፣ አለ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲቆሙ ባንዲራ ነው የሚመስሉት።

ይህን የነገረኝ ሱፍያን ነው፤ አስተናጋጅ፣ የሆቴሉ ዜና ማሰራጫ፣ የኔ ሰላይ። ቆሞ እየተወነ ነው የነገረኝ።

"ቤተሰቦቼ! ስትሬስ ጠላታችን ነው!" አለ ጋሼ።

"ሬሳ?" አለች እማማ ካሳነሽ፣ የሽንኩርት ቢላዋዋን አስቀምጣ። "ሬሳ የማን ናት? ማን ሞተች?"

"ስትሬስ ነው ያልኩት እማማ። ጭንቀት።"

"እሺ። ይሄ ቀይ፣ ክፉ ናት?"

"አዎ፣ ቀይ ክፉ ነው።"

"እኛ አገር ግን ቀይ…"

"ጥያቄ በመጨረሻ!" አለ። መጨረሻ ላይ ፎቶ ተነሡ። ጥያቄ አልነበረም።

እማማ ካሳነሽ ጌዴኦ ናት፣ አማርኛን የለመደችው ካረጀች በኋላ ነው፤ ወንዱም ሴቱም "መጣች" ነው ለሷ። ጋሼን "መጣች" ስትል ግን ሆን ብላ ይመስለኛል።


ጥቅምት 8

ቸኩያለሁ፣ ደውል ተደወለ። ኤልቤቴል ቀይ አደረገች! የመጀመሪያዋ!


ጥቅምት 8፣ ማታ

ኤልቤቴል ሳህን አጣቢዋ ናት። ከቡሌ ነው የመጣችው፤ ከኔ ብዙም አትበልጥም። እህቷ ከሞተችባት ወዲህ እንቅልፍ የላትም። የተባለውን አምና ቀይ ሰካች። ጋሼ በሰው ሁሉ ፊት አቀፋት፣ ፎቶ አስነሣት፣ "ግልጽነት ማለት ይሄ ነው!" ብሎ አስጨበጨበላት። ከዚያ "ሂጂ ቤትሽ እረፊ፣ ስንፈልግሽ እንጠራሻለን" አላት።

ስንፈልግሽ እንጠራሻለን። ይህቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። አባቴ ሞያሌ ሲሄድ ለእማ የተናገራት ናት።


ጥቅምት 13

አልጠሯትም። በምትኳም ሰው አልቀጠሩም። ሳህኑ ወደ እማ ዞሯል፤ ወጡም የሷ፣ ሳህኑም የሷ፣ ከሰዓት አንሶላውም የሷ።

በነገራችን ላይ ከኤልቤቴል በኋላ ሆቴሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኗል። አንድ ሰው ቢጫ እንኳ የለም። ጋሼ ተአምር የሠራ መስሎት በየጠዋቱ ፎቶ እያነሣቸው የምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል።

እማ ዛሬ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እማ፣ ጫማሽ" አልኳት።

"እሺ" አለች።

ሻይ አፍልቼ ስመለስ እንደዚያው ናት። አረንጓዴዋ ሪባን ደረቷ ላይ አለች። "ደህና ነኝ ያለ ሰው እንዲህ ነው እንዴ?" ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። ሪባኗን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት፣ በቀስታ፣ የሚሰበር ነገር ይመስል።

እናቴ ውሸታም ሆናለች። እሱን ፈርታ ደህና ነኝ ትላለች። ይኼ ደግሞ በክሱ ላይ ይጨመር፦ እናትን ውሸታም ማድረግ።


ጥቅምት 19

የመጀመሪያው ቅጣት ተፈጸመ!

የሆቴሉ በር ላይ ትልቅ ባነር አለ፦ "ደስተኛ ሠራተኛ፣ ደስተኛ እንግዳ!" ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ዘበኛው ፊቱን ሲታጠብ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት በነጭ ወረቀት ሸፈንኳቸው፤ ወረቀቱ ላይ "በሽ" የሚል ጽፌያለሁ። ሱፍያን እንደነገረኝ ከገደብ ከተማ የመጣው አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው በመስኮት ጮክ ብሎ አነበበው፦ "በሽተኛ ሠራተኛ፣ ደስተኛ እንግዳ!" አንዷ እናት ወርዳ "በሽታው በምግብ ነው የሚተላለፈው?" ብላ ጠየቀች። ግማሹ ማዶ ተሻግሮ በላ።

ቀኑን ሙሉ በየክፍለ ጊዜው እየሳቅኩ ነው የዋልኩት። የሒሳብ መምህራችን "ናፍቆት፣ ሎጋሪዝም ያስቃል?" አሉኝ። እርሶ ሲያስተምሩት አዎ፣ ልላቸው ነበር። አላልኩም። አድጌያለሁ።


ጥቅምት 20

እማ ትናንት በጣም አምሽታ ገባች። በእግሯ ነው የመጣችው። ጋሼ "የቤተሰብ ውይይት" ብሎ ሁሉንም አቁሞ፣ ያደረገው ሰው እስኪናገር ማንም አይወጣም አላቸው። ማንም አልተናገረም፤ ማንም አያውቅማ። እሱ ግን እማን እያየ "የአንዳንድ ሰው ልጆች በጓሮ በር ይገባሉ፣ ይወጣሉ" አለ። ከዛሬ ጀምሮ የጓሮው በር ለኔ ተዘግቷል።

ያልታሰበ ነበር። እሷን አልነበረም ያሰብኩት።

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ስቆርስ ጣቶቼን አየቻቸው። ኮላው ጥፍሬ ሥር ደርቋል። (ጥፍር የቀረ ከሆነ ነው፤ በልቼ ጨርሼዋለሁ።) አየችኝ፣ ዳቦውን ሰጠችኝ፣ ሄደች። ምናለ ብትቆጣኝ?


ኅዳር 1፣ እሑድ

እማ ቤት ናት። ሽሮ ሠራች። ጨው ሁለት ጊዜ ጨምራ።

"እማ፣ ሽሮ ነው ወይስ ሻላ ሐይቅ?" አልኳት። ሳቀች! ከስንት ጊዜ በኋላ። ሳቋ ሲመጣ ወሬም ይዞ መጣ፤ ስለ ልጅነቷ ነገረችኝ።

የቡና አገር በሆነው ባንኮ ጎቲቲ፣ ልጅ ሆና እሸት ቡና በቅርጫት ተሸክማ ወደ ማጠቢያው ትወስድ ነበር። "ቀይ ቀዩን ብቻ ልቀሙ" ነው ሕጉ። አንድ ቀን ቸኩላ ብዙ አረንጓዴ ለቀመች፤ ከሥር አድርጋ ቀዩን ከላይ በተነችበት። ተረካቢው ግን ከላይ ዓይቶ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ክንዱን እስከ ክርኑ ድረስ ቅርጫቱ ውስጥ ሰደደና ከሥር ዘግኖ አወጣ። "ጥሬ ነው! ጥሬ ይዘሽ መጣሽ!" ብሎ በሰው ፊት መለሳት።

"ጨካኝ!" አልኩ። ለበቀል ስሙን ልጠይቃት ነበር።

"ጨካኝ ነበር" አለች። "ግን እጁን እስከ ሥሩ ይሰድ ነበር።"

ሽሮው ቀዘቀዘ። አዋቂዎች ሲደክማቸው ስለ ድሮ ያወራሉ። ጌዴኦ ሲሆኑ ደግሞ ስለ ቡና።


ኅዳር 9

ባዮሎጂ ላይ ተኝቼ ተያዝኩ። አልተኛሁም፤ ዓይኔን እያሳረፍኩ ነበር። ማታ ማታ የሚያቃጥለኝ ነገር አለ፤ እሱም በቀል ነው። ሌላ ምንም አይደለም።


ኅዳር 13

ሱፍያን ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀኝ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። አልተወነም፤ ድምፁን እንኳ አልቀየረም።

ወጡ አረረ። እማ የለችም። ፈልገው ፈልገው የሽንኩርት መጋዘኑ ውስጥ በጨለማ ተቀምጣ አገኟት። እያለቀሰች ነበር። "ምን ሆነሽ?" ሲሏት "ሽንኩርቱ ነው" አለች።

"ሽንኩርቱ ግን ናፊ" አለኝ ሱፍያን፣ "አልተላጠም ነበር።"

ጋሼ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ምን እንዳላት ልጻፍ፣ ፍርድ ቀን ያስፈልገኛል፦ "ገበያነሽ፣ ይኼ ነገር አንድ ጊዜ ከተደገመ ቀይ አደርግሻለሁ።"

ቀይ አደርግሻለሁ። ሰው ማባረር አዲስ ስም ወጥቶለታል።

ከተባረረች የቤት ኪራዩም ትምህርቴም ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ደጋግሞ መጻፍ አያስፈልግም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እማ ማታ ግድግዳውን ስታይ፣ ግድግዳው ላይ ምንም የለም።


ኅዳር 20

ትልቅ ዜና። የሐዋሳዎቹ አሠልጣኞች ኅዳር 28 ይመጣሉ፤ ለጋሼ "አርአያ የሥራ ቦታ" የሚል ምስክር ወረቀት ሊሰጡት! ለሱ! የነብር አርአያነት ለፍየል!

እሱም የጠዋት ፎቶዎቹን ሁሉ ሰብስቦ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በትልቁ አሠርቷል፤ ከላይ "ሁለት ወር ሙሉ አረንጓዴ!" ይላል። ሁለት ወር ገና አልሞላም፤ ሒሳብ ላይ እንደኔ ነው። ኤልቤቴልን በመቀስ ቆርጦ አውጥቷታል። እማ አንደኛው ፎቶ ላይ ዓይኗ ተከድኗል፤ እሱንም ለጥፎታል፤ የሚያየው ሪባኗን ብቻ ነው።


ኅዳር 26

ዕቅዱ። የዚያን ዕለት ጠዋት ከጣሳዎቹ ውስጥ አረንጓዴውም ቢጫውም ይሰወራል። ያለ ሪባን መግባት ክልክል ነው፤ ሕጉ የራሱ ነው። ስለዚህ እንግዶቹ ሲገቡ የሚያዩት አንድ ቀለም ይሆናል።

"ናፊ፣ እኔን ቀይ ያደርገኛል እኮ" አለኝ ሱፍያን።

"አንተ የጓሮውን በር ብቻ ክፈትልኝ። ሌላውን አላየህም።"

"እናትሽንስ?"

ሁሉም ቀይ ከሆነ ማንን ለይቶ ያባርራል? እማ ላይ ምንም አይደርስም። ሁሉም ቀይ ከሆነ ማንን ያባርራል። ምንም አይደርስባትም።


ኅዳር 28

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አረንጓዴውንና ቢጫውን በፌስታል አጭቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ጓሮ ገመድ ላይ ከተሰጡት አንሶላዎች ኋላ ተደበቅኩ፤ በመሃላቸው ወጥ ቤቱም፣ ከሱ ባሻገር የአዳራሹ ግድግዳም ይታየኛል።

መጀመሪያ የደረሰችው እማማ ካሳነሽ ናት። አንዱን ጣሳ አየች፣ ባዶ። ሁለተኛውን ገለበጠችው፣ ባዶ። ዙሪያዋን ቃኘች፤ አንሶላዎቹ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆየች። (እግሬ ሳይታይ አልቀረም።) ከዚያ "ዛሬ ሁሉ ደርሳለች" ብላ ቀይዋን ሰካች። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩና ተከተሏት። የእማን እማማ ካሳነሽ ሰካችላት።

ጋሼ እንግዶቹን እየመራ የኋሊት እየሄደ ገባ፤ ፊቱ ወደነሱ፣ ጀርባው ወደ ወጥ ቤት። "እንግዲህ ቤተሰቤን ላስተዋውቃችሁ!" ብሎ ዞረ።

የፊቱን ቀለም ከሦስቱ ጣሳዎች በየትኛውም ውስጥ አታገኘውም።

የእንግዶቹ አለቃ ሲስተር ሐያት የምትባል ናት፤ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ድምፀ ቀጭን። "ሁላችሁም ቀይ ናችሁ" አለች። "ምን ገጠማችሁ?"

ጋሼ አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ ጣሳዎቹ ዞረ፤ ሁለቱ ባዶ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የጣፈጠኝ ነገር የለም።

"ምንም አልሆነች" አለች እማማ ካሳነሽ። "ቀይ የበሰለ ናት። ቡና ስትደርስ ቀይ ናት። ጥሩ ናት።"

አዳነችው! የሁለት ወር በቀሌን በአንድ ትንፋሽ! አንሶላውን ነከስኩት።

ጋሼ የተወረወረለትን ገመድ በሁለት እጁ ያዘ። "አዎ! በትክክል! ሥልጠናውን ከአካባቢው ጋር አጣጥመነው እኮ ነው! እዚህ ቀይ ማለት የደረሰ፣ የበሰለ፣ ደስተኛ ማለት ነው! እኔው ራሴ ነኝ ያሰብኩት!"

"በጣም ደስ ይላል" አለች ሲስተር ሐያት። ወደ እማማ ካሳነሽ ዞረች። "አረንጓዴስ እናቴ? ምን ማለት ነው?"

"አረንጓዴ ጥሬ ናት" አለች፣ ሽንኩርቷን መክተፍ ጀምራ። "አልደረሰችም። ወስደሽ ብትሄጅ፣ ይመልሱሻል።"

ሲስተር ሐያት ቀና አለች። ሌሎቹም ቀና አሉ። ከወጥ ቤቱ በር ባሻገር ግድግዳውን ሞልቶ፣ ፊት በፊት፣ ደረት በደረት፦ "ሁለት ወር ሙሉ አረንጓዴ!"

"ታዲያ እነዚህ?" አለች።

"እነሱ… ያን ጊዜ እንኳ…" ጋሼ ላቡን ጠረገ። "ያን ጊዜ በትራፊኩ ነበር የምንሠራው።"

ሱፍያን ትሪውን ፊቱ ላይ ከለለ። እኔ አንሶላውን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩት፤ ሳቅ ሊገድለኝ ነው።

"እኔ በትራፊክ አልነበርኩም።"

እማ ናት። ድምፅዋን ከወራት በኋላ ነው የሰማሁት፤ ማለቴ ያን የድሮውን ድምፅዋን።

"እኔ የባንኮ ጎቲቲ ልጅ ነኝ" አለች። "በየጠዋቱ ጥሬ ነኝ ብዬ ሰክቻለሁ። ቀዩን ብሰካ እንደ ኤልቤቴል መባረሬ ነው። ስለዚህ በኔ ቋንቋ ተናገርኩ፤ ደረቴ ላይ አድርጌ። ማንም እጁን ሰዶ አላየም።"

ማንም አለች።

ሲስተር ሐያት እስክሪብቶዋን ዘጋች። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ውጭ ይቆዩልን" አለችው። በገዛ ሆቴሉ! ወጣ። የት ይወጣል? ወደ ጓሮ። መጥቶ አንሶላዬ ማዶ ቆመ፤ በመሃላችን አንድ ጨርቅ። ትንፋሹ ይሰማኛል። ሲያቃስት ሰማሁት፤ ከዚያ በአንሶላው አፍንጫውን ተናፈጠ። ልራራለት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። አንሶላውን የሚያጥበው ማን እንደሆነ ትዝ አለኝና ተውኩት።


ታኅሣሥ 2

ፍርድ። ተከሳሽ ጥፋተኛ ነው። ምስክር ወረቀቱ ከመኪናው ሳይወርድ ሐዋሳ ተመልሷል። ሴቶቹ "ኤልቤቴል ካልተጠራች አንድ ቃል አንናገርም" ስላሉ እዚያው በስልክ ተጠራች፤ ነገ ትገባለች። ሳህኑ ወደ ቦታው፣ እማ የሁለት ሳምንት እረፍት፣ ደመወዟ ሳይነካ፤ ሆስፒታልም ቀጠሮ ይዘውላታል። ሲስተር ሐያት በወሩ ተመልሼ አያለሁ ብላዋለች፤ ቀኑ ሳይነገረው ነው የምትመጣው።

ከሁሉ የበለጠው ግን ይኼ ነው። ወሬው ቡና ነጋዴዎቹ ጋ ደርሷል። ሱፍያን እንደሚለው ዛሬ ምሳ ሰዓት አንዱ ከጠረጴዛው ሆኖ "ጥሬው! ሒሳብ!" ብሎ ጠራው። ሌሎቹ ተቀበሉ። ዲላ ውስጥ አንዴ የወጣ ስም አይወርድም። ወንድይፍራው ሞተ፤ ጥሬው ለዘላለም ይኑር።

ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ታዲያ ለምንድነው አሁንም የማልተኛው?

ሪባኗን ጠረጴዛው ላይ በየማታው ታስቀምጣት ነበር። በየማታው። እኔ ደግሞ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረግኳት።


ታኅሣሥ 5

እማ ከሆስፒታል መጣች። ምን እንዳሏት አልጠየቅኳትም፤ እሷም "ደጋግሜ እሄዳለሁ" ብቻ አለች። ክፍሉን ልጥረግ ብላ ፍራሼን ስታነሣ ፌስታሉን አገኘችው።

መጥታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች።

"ሌባ" አለችኝ።

"ዳኛ ነኝ።"

"አንቺ ልጅ፣ ያ ባነርም አንቺ ነሽ።"

"ማስረጃ?"

ጥፍሮቼን አየቻቸው። እኔም አየኋቸው። ያ ኮላ ድሮ ለቋል፤ የሚታየው የበላሁት ነው።

ከፌስታሉ አንድ አረንጓዴ አወጣች፤ ከኪሷ ደግሞ የዚያን ቀን ቀይዋን። ሁለቱን ብርድ ልብሱ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

"ምረጪ።"

"እኔ ሠራተኛ አይደለሁም።"

"ምረጪ ናፍቆቴ።"

"በትራፊኩ ነው በቡናው?"

"በቡናው።"

ቀዩን ላነሣ ነበር። ቀልድም አዘጋጅቼ ነበር፣ ጥሩ ቀልድ፣ ስለ ጥሬው። እጄ ግን አረንጓዴውን አነሣ።

እማ ፒጃማዬ ላይ ሰካችልኝና እጇን ፀጉሬ ውስጥ ሰደደች፣ እስከ ሥሩ።